ባልንጀራ ማለት ምን ማለት ነው?

ሰኞ ነው፤ ጥቅምት 2015፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ገደማ። እኔ ሳሎን ነጠላዬን ተከናንቤ ዳዊት እደግማለሁ፤ ልጅቱ ኩሽና ውስጥ እንጀራ ትጋግራለች። ቀን ቀን መብራቱ ስለሚደክም ምጣዱን የምንሰካው በዚያ ሰዓት ነው። በመካከላችን ያለው በር ክፍት ነበር፤ የኮንዶሚኒየም በር ደግሞ ቢዘጋም ቢከፈትም ያው ነው። ግእዙ ስለሚከብደኝ በአማርኛው ነው የምደግመው፤ ያውም ጮክ ብዬ። ዝም ብዬ ሳነብ እንቅልፍ ያሸንፈኛል።

"አቤቱ፥ በድንኳንህ ውስጥ ማን ያድራል?" ብሎ የሚጀምረውን መዝሙር ጨርሼ ወደሚቀጥለው ላልፍ ስል ልጅቱ በበሩ ብቅ አለች። ማሰሻው እጇ ላይ ነው።

"እትዬ፣ ላቋርጥዎት? አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነበር።"

"ምን ጎደለ?" አልኩ። ሊጡ ያነሰ መስሎኝ ነው።

"ባልንጀራ ማለት ምን ማለት ነው?"

"ጓደኛ።"

"ጓደኛ ብቻ?"

"ጎረቤትም ይሆናል፤ አብሮሽ ያለ ሰው… ያው ሰው ሁሉ ነው።"

"እሺ" አለችና ተመለሰች። ሊጡ ምጣዱን ሲነካ ቸስ ሲል ሰማሁ። ከዚያ አክንባሎው ተከደነ።

ይኸው ነው፤ ሌላ የተባለ ነገር የለም። ያቺ "እሺ" ግን እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣችም።

ሠላሳውን አደረስኩ

መዝሙሩን የምታውቁት የቱ መስመር ላይ እንደቆመች ገብቷችኋል። በግእዙ ዳዊት 14ኛ ነው፤ በ1954ቱ መጽሐፍ ቅዱስ 15ኛ። በእግዚአብሔር ድንኳን የሚያድረው ማን ነው ብሎ ይጠይቅና ራሱ ይመልሳል። መልሱ ውስጥ ጾም የለም፤ ስግደት የለም፤ ዕጣን የለም። በልቡ እውነትን የሚናገር፣ በአንደበቱ የማይሸነግል፣ ዘመዶቹን የማይሰድብ እያለ ከሰው ጋር ያለብንን ሒሳብ ነው የሚዘረዝረው። ከዝርዝሩ መሀል፦ "ለባልንጀራው የሚምል የማይከዳም።"

እኔ ደግሞ ምዬ ነበር።

ኅዳር 2014 ደላላው ይዟት ሲመጣ 19 ዓመቷ ነው። ስድስተኛ ክፍልን ጨርሳ አቋርጣለች። ደመወዝ ሳንነጋገር በፊት የጠየቀችኝ ስለ ማታ ትምህርት ነበር። "የዘንድሮው ምዝገባ አልፏል፤ ለመስከረም አስመዘግብሻለሁ" አልኳት። ዝም ብላ አየችኝ። ይህን ከሌላም ቤት ሰምታዋለች መሰለኝ። "ማርያምን!" አልኩ። "ማርያምን" እኛ ዘንድ መሐላ መሆኑ እየቀረ ነው። ለታክሲ ረዳት "ከፍያለሁ" ለማለት እንምልበታለን፤ "ጠግቤያለሁ" ለማለትም እንምልበታለን። እሷ ግን ከገጠር ነው የመጣችው፤ መሐላ መሐላ የሆነበት አገር። ፊቷ ፈካ፤ ጓዟንም አስገባች።

መስከረም ሲደርስ ልጄ ሦስት ዓመቱ ነው። የማታው ትምህርት ከ11፡30 እስከ 2፡30። እኔ ከባንክ ወጥቼ፣ የታክሲ ሰልፍ ተሰልፌ ቤት የምደርሰው 1 ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ ባለቤቴ ከእኔም ይዘገያል። "ልጁ ትንሽ ከፍ ይበል፤ ለሚቀጥለው ዓመት" አልኳት። "እሺ እትዬ" አለች። እኔም ረሳሁት። እስከ ዛሬ የሚገርመኝ ይህ መርሳቴ ነው። አስቤበት፣ ተንኮል ሸርቤ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ሌሊት ይቆረቁረኝ ነበር። ምንም አልቆረቆረኝም። የምሠራው ብድር ክፍል ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሰው ያለውን ሳይሆን የፈረመውን ነው የማየው። ለካ ቤቴም ይዤው ገብቻለሁ፤ ፊርማ የሌለው ቃል ሚዛኔ ላይ አይነሳም።

ያን ሌሊት ልጅቱ ወደ ምጣዷ ስትመለስ ማንበቤን ቀጠልኩ። 15፣ 16፣ 17… እስከ 30። የሰኞ ድርሻ እስከ 30 ነውና። ማክሰኞ እስከ 60፣ ረቡዕ እስከ 80፣ ሐሙስ እስከ 110፣ ዓርብ እስከ 130፤ ቅዳሜ 150ው ይሞላል፤ እሑድ ጸሎተ ነቢያት። አባቴ በ2012 ካረፈ ጀምሮ፣ የንስሓ አባቴ እንዳዘዙኝ፣ ከሕመምና ከጉዞ በቀር አላስታጎልኩም። ስለዚህ ያን መስመር ከመቶ ጊዜ በላይ በአፌ ብዬዋለሁ ማለት ነው። መስከረም ላይ "ለሚቀጥለው ዓመት" ባልኳት ሳምንት እንኳ ብዬዋለሁ።

"ጸሎቴን አደረስኩ" እንላለን። ደግ ቃል ነው። ዕቃ ይደርሳል፤ መልእክት ይደርሳል። ያን ሌሊት ሠላሳውን አደረስኩና ነጠላዬን አጣጥፌ ተነሳሁ። መልእክቱ ግን ለካ ከእኔ ቀድሞ ኩሽና ደርሷል።

ደግሞ ዳዊትን "እናነባለን" አንልም፤ "እንደግማለን" ነው የምንለው። መድገም በራሱ ምንም ክፋት የለውም፤ የቆሎ ተማሪ ሁሉ ያደገበት ነው። ፊደል ቆጥሮ፣ የዮሐንስን መልእክት አንብቦ፣ ዳዊት ላይ ሲደርስ መላሱ እስኪፈታ ይደግማል። የእኔ አደጋገም ግን ከድጋምነት ወጥቶ ወደ ድግምት እየሄደ ነበር። የሁለቱ ቃላት ሥር አንድ ነው፤ መንገዳቸው ግን ለየቅል። ብደግመው ቀኑ ይቀናኛል፤ ባስታጉል አንድ ነገር ይነካኛል። ትራስ ሥር እንደሚደረግ ዳዊት ማለት ነው፤ ሳይገለጥ ይጠብቃል ተብሎ። እኔ እገልጠዋለሁ እንጂ ነገሩ ያው ነበር። "ቄሱም ዝም መጽሐፉም ዝም" የሚባለው እኔ ቤት ተገልብጦ፣ ቄሱም መጽሐፉም ይጮሃሉ፤ የሚሰማ ግን አልነበረም። ከኩሽናዋ በቀር።

ድምፄን ቀነስኩ

አሁን የምጽፈውን ለማንም አውርቼው አላውቅም። በማግስቱ ማክሰኞ ዳዊቴን ስከፍት በለሆሳስ ጀመርኩ።

አስቤበት አይደለም። ከንፈሬ ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ የለም። ረቡዕም እንዲሁ። ሐሙስ ጭራሽ የኩሽናውን በር ገፋ አድርጌ ተቀመጥኩ። ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት ልጁ እንዳይነቃ የሚል ነው፤ ልጁ ሦስት ዓመት ሙሉ በድምፄ ውስጥ ተኝቶ ያደገ ልጅ! የሚቀጥለው ሰኞ መጣ። 14ኛው ጋ ስደርስ እንኳን ድምፅ ትንፋሼንም የቀነስኩ መሰለኝ። ጨርሼ ስነሳ ልጅቱ ቡና እያቀረበች፣

"እትዬ፣ አሞዎታል እንዴ?" አለችኝ።

"ለምን?"

"ድምፅዎ ጠፋብኝ።"

ጉሮሮዬን ይዞኛል አልኳት። በአንድ ሳምንት ውስጥ በልቡ እውነትን የሚናገርም፣ በአንደበቱ የማይሸነግልም አለፈኝ።

እስከ ዛሬ መላልሼ የማስበው ይህን ነው። ቃሉ ሊነካኝ ሲመጣ የመጀመሪያ ሥራዬ ሌላ ሰው እንዳይሰማው ማድረግ ሆነ። ብቻዬን እስካነበብኩት ድረስ የምፈታውም የምተረጉመውም እኔ ነኝ። ደስ ያለኝ ጋ አለቅሳለሁ። "እግዚአብሔር እረኛዬ ነው" ሲል እኔ በጉ ነኝ፤ "ጠላቶቼ በዙ" ሲል ጠላቶቹ የመሥሪያ ቤት ሰዎች ናቸው። ዳዊት ውስጥ ባለፉት ሦስት ዓመታት ጠላት ሆኜ፣ ወይም ቃሉን ያጠፈ ሰው ሆኜ አንድም ቀን አልተገኘሁም። ሁልጊዜ ተበዳይ ነኝ። ሌላ ጆሮ ሲጨመርበት ግን ወንበሩ ይዞራል።

የሐዋርያት ሥራ 8ኛው ምዕራፍ ላይ ያለውን ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ ከልጅነታችን ጀምሮ የምንኮራበት ነው፤ ታሪኩን መንገር አያስፈልግም። እኔ ግን የጥምቀቱን እንጂ የንባቡን ነገር ልብ ብዬው አላውቅም ነበር። ፊልጶስ "የነቢዩን የኢሳይያስን መጽሐፍ ሲያነብ ሰማ" ነው የሚለው። ሰማ! ሰውዬው ሠረገላው ላይ ሆኖ ድምፅ አውጥቶ ባያነብ ኖሮ ፊልጶስ ምን ብሎ ይጠይቀው ነበር? "በውኑ የምታነበውን ታስተውለዋለህን?" የምትለው ጥያቄ የመጣችው ሰውዬው ስለተሰማ ነው። ጃንደረባውም የንግሥት ባለሟል ነው፤ የገንዘቧ ሁሉ አዛዥ። "አንተ ማነህና" ማለት ይችል ነበር። "ወጥተህ ከእኔ ጋር ተቀመጥ" አለው። የእኔው ፊልጶስ ማሰሻ ይዛ ከኩሽና ስትወጣ እኔ በሩን ገፋሁባት።

የአያቴ ጸሎት ትዝ ያለኝም ያኔ ነው። እምዬ ፊደል አልቆጠረችም፤ የምታውቀው ሁሉ በጆሮዋ የገባ ነው። ማለዳ ጎጆዋ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብላ "ተሣሃለኒ እግዚኦ በከመ ዕበየ ሣህልከ" ትልና በዚያው ትንፋሽ "አንቺ ልጅ፣ ዶሮዋ ብቅሉን ጨረሰችው! አባሪያት እንጂ!" ትላለች። ተመልሳ ካቆመችበት ትቀጥላለች። መንገደኛ ካለፈ ሰላምታ፣ ጥጃ ከተፈታ ስድብ፣ ከዚያ ደግሞ ዳዊት። እኛ የልጅ ልጆቿ አፋችንን ይዘን እንስቅ ነበር። ካደግሁ በኋላ ደግሞ የሥርዓት ጉድለት አድርጌ አየሁት፤ ስልኬን ድምፅ አጥፍቼ፣ በር ዘግቼ፣ "በተመስጦ" የምጸልይ እኔ።

አሁን እርግጠኛ አይደለሁም። የእምዬ ጸሎት ዶሮም ጥጃም ሰውም የሚገባበት ነበር። በዳዊቷና በቤቷ መካከል በር አልነበረም፤ ስለዚህ የሚገፋም የለም። ዘዳግም 6 ላይ ስለ ቃሉ "በቤትህም ስትቀመጥ፥ በመንገድም ስትሄድ፥ ስትተኛም፥ ስትነሣም ተጫወተው" ይላል፤ የ1954ቱ ተርጓሚዎች "ተጫወተው" ብለው ነው ያስቀመጡት። እኛ ጨዋታ የምንለው ሁለት ሰው ይፈልጋል። ብቻውን የሚጫወት ሰው ስናይ ምን እንደምንለው ታውቃላችሁ።

ባለ እንጀራ

"እሺ" ያለችኝ ምን ማለቷ ነበር? ቃሉ ጠፍቷት ጠይቃ፣ መልስ አግኝታ "እሺ" አለች? ወይስ ሳትሰድበኝ፣ ሳትከሰኝ፣ በገዛ አፌ "ሰው ሁሉ" አስብላኝ፣ የፍርዱን ወረቀት እጄ ላይ ጥላ ሄደች? ጠይቄያት አላውቅም። የገጠር ልጅ ነገር ታውቃለች፤ ሰምና ወርቅ ለመናገር የቅኔ ቤት መግባት የግድ አይደለም። አንዳንዴ ግን እንዲህ ማሰቤ ራሱ እሷን ተንኮለኛ አድርጎ እኔን ለማቅለል ይመስለኛል። ማንም ይሁን የጠየቀኝ፣ የመለስኩት እኔ ነኝ።

ያቺን ቃል ሳላምጣት ሰነበትኩ። ግእዙ "ቢጽ" ይለዋል፤ "አፍቅር ቢጸከ ከመ ነፍስከ" የሚለው። አማርኛው ግን ባልንጀራ አለው። ቃሉን በቁሙ ብትፈቱት ባለ እንጀራ ነው፤ እንጀራ የሚጋሩት ሰው። እንጀራዬን በየሦስት ቀኑ የምትጋግር፣ እጇ የተጠበሰባት፣ እንፋሎቱ ዓይኗን ያደከመው ሰው ቆማ "ባልንጀራ ማለት ምን ማለት ነው?" ብላ ስትጠይቀኝ "ጓደኛ" ብያት አለፍኩ። መልሱ ከፊቷ ምጣድ ላይ ዓይን እያወጣ ነበር። እንጀራውን እኛ ጠረጴዛ ላይ እንበላዋለን፤ እሷ በኋላ፣ ኩሽና ውስጥ፣ በትንሿ ትሪ። (አንድ ሰሞን አብራን እንድትበላ አድርገን ነበር። እሷም ጉርሻው አልወርድ አላት፤ እኛም ጨዋታው ጠፋብን። ይኼኛው ገና አልተፈታም።)

"የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ" ይላሉ አበው። ጭካኔው ስለሚሰቀጥጠኝ ተረቱን ወድጄው አላውቅም። የኔ ጉዳይ ግን በዚሁ ተረት ላይ ነው የተንጠለጠለው፤ የተናገርኩት የጠፋው ለወለድኩት ስል ነውና።

ካርድና መሸኛ

አድርጌው አረፍኩ ለማለት ቢያስቸኩለኝም እንዲያ አልሆነም። መጀመሪያ ያደረግሁት 500 ብር ደመወዝ መጨመር ነው። "እግዚአብሔር ይስጥልኝ እትዬ" ብላ ተቀበለች፤ ፊቷ ግን እንደዚያ እንደ ኅዳሩ ቀን አልፈካም። ብድር ክፍል ሆኜ ይህን ማወቅ ነበረብኝ፤ የተበደርኩት ሌላ፣ የምከፍለው ሌላ።

ከዚያ ለባለቤቴ ነገርኩት። ሦስት ቀን በሳምንት ቀድሞ መግባት አለበት፤ እኔም ሁለት ቀን። ጥቂት አሰበና "አንቺ ዳዊት ደግመሽ እኔ ሽሮ ልሠራ ነው?" አለ። ከልቤ ሳቅሁ፤ ከዚያ ግን አልሳቅሁም፤ እውነቱን ነው። ቃሉን የማልኩት እኔ፣ የሚከፍለው ቤቱ በሙሉ። ተጨቃጨቅን። ዝርዝሩን ልለፈው፤ ትዳር ያላችሁ ታውቁታላችሁ።

አቅራቢያችን ካለው ትምህርት ቤት ሄድኩ። ምዝገባ አልቋል፤ ደግሞም የስድስተኛ ክፍል ካርዷና መሸኛዋ ያስፈልጋል አሉኝ። አጎቷ ካርዱን ካለበት ፈልጎ፣ መሸኛውን ከቀበሌ ትምህርት ቤቷ አጽፎ፣ በአውቶቡስ ሹፌር እጅ እስኪልክ ጥር ሆነ። ያ ዓመት ሄደ። አንድ ዓመት በልቼባታለሁ፤ ይህን የሚመልስ ጭማሪ የለም። መስከረም 2016 ሰባተኛ ክፍል ገባች። የመጀመሪያው ማታ ደብተሯን በፌስታል ይዛ ስትወጣ ልጄ "የት ነው የምትሄደው?" ብሎ አለቀሰ። ባለቤቴ የሠራው ሽሮ ጓጉሎ ነበር።

ድምፄን ከፍ አድርጌ መድገም የጀመርኩት ከዚያ ብዙ ቀደም ብሎ ነው፤ ለካርዱ የደወልኩ ዕለት። በሩንም ከፈትኩት። ከዚያ ወዲህ ዳዊቴ እንደ ድሮው ቀጥ ብሎ አይሄድም። አንዳንድ ሰኞ 30 አይሞላም። "ማዕጾ ምንድን ነው?"፣ "ይሄ ሰውዬ ጠላቶቹን ለምን እንዲህ ይረግማል?"፣ "ይሄ ዓርብም አለ፣ ለምን ይደጋገማል?" ትለኛለች። የማውቀውን እመልሳለሁ፤ የማላውቀውን ለንስሓ አባቴ ይዤ እሄዳለሁ። እሳቸውም አንድ ቀን "ጥያቄው የማን ነው?" ብለው ጠየቁኝ። "የልጅቱ" አልኳቸው። "እሷንስ ለምን አታመጫትም?" አሉኝ። አሁን የንስሓ ልጃቸው ናት፤ የእኔን ጉድ ምን ያህል እንደምትነግራቸው እግዜር ይወቅ።

ዘንድሮ ዘጠነኛ ክፍል ናት። ያለፈው ሰኞ እንደ ወትሮው 14ኛው ላይ ደረስኩ። ስለ ባልንጀራው የሚለውን ከፍ አድርጌ አነበብኩት፤ ይሄኛውን ከፍያለሁ የሚል ትንሽ ኩራት ሳይኖርበት አልቀረም። ቀጥሎ ያለውን ግን ሳላስበው አፌ አወጣው፦ "ገንዘቡን በአራጣ የማያበድር…"

ኩሽና ውስጥ ማሰሻው ቆመ።

"እትዬ፣ አራጣ ማለት ወለድ ነው?"

"እ… አራጣ እንኳ…"

"በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ወለድ እየተማርን ነው። ባንክ የሚያስከፍለው ነው ብለውናል።"

ዳዊቱን ይዤ ቀረሁ። የእኔ ጠረጴዛ፣ የእኔ ማኅተም፣ የወሩ የብድር ዕቅድ ዓይኔ ላይ መጣ።

"እንጀራው እንዳያርብሽ" አልኳት።

"አላረረም" አለች፤ "ገና አሁን ነው የከደንኩት።"